የራስ አሮጌና የሰው አሮጌ

ያረጀ የስፖርት መኪና ሞተር ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለው ጥያቄ ሜዳ ላይ አይነሣም። ሜዳ ላይ ሁሉም ሞተር ጨዋ ነው። የሚነሣው ዳገት ላይ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ስሙ ሜዳ ይሁን እንጂ ለመኪና ዳገት ነው። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ የአሜሪካ ኤምባሲን አጥር ታክኮ ሽሮ ሜዳ የሚደርሰው፣ ከዚያም በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ የሞተር ንስሐ አባት ነው። ቦሌ ላይ ሲንጎራደድ የዋለ መኪና እዚህ ሲደርስ ያለበትን ሁሉ ይናዘዛል፤ ያንኳኳል፣ ያጨሳል፣ ይፈላል፣ አንዳንዴም በሀበሻ ልብስ ሱቆቹ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ ከተሰቀሉት ቀሚሶች ሥር ብቅ የሚሉት ሰዎች በሙሉ መካኒክ ናቸው።

ስፖርት መኪና የሚባለው ሁለት በር ያለው፣ ሆዱ ለመሬት የቀረበ፣ የኋላ ወንበሩ ለሰው ሳይሆን ለታጠፈ ጋቢ የሚበቃ፣ የተሠራበት ዓላማም ሌላውን መቅደም የሆነ መኪና ነው። ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፊያት 124 ኩፔ ነው። ባለ አራት በሩ ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1966 ወጣ፤ ኩፔው በ1967 ተከተለ። የኩፔውን ሞተር የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ቀደም ሲል ለፌራሪ ሞተር ሲነድፍ የኖረ መሐንዲስ ነው። በዚያው ፊያት 124 መነሻነት ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በቶሊያቲ ከተማ ሌላ መኪና ታመርት ጀመር፤ አዲስ አበባ ያንን መኪና ላዳ ብላ ታውቀዋለች። ስለዚህ የኩፔው ባለቤት በተቀመጠበት ሁሉ የፌራሪን የዘር ሐረግ ሲቆጥር፣ ኮፈኑን የከፈተው መካኒክ የሚያየው የላዳን የአክስት ልጅ ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ጭቅጭቁ የማያልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ሞተሩ ጤና ከመግባት በፊት የአገሩን አየር ማወቅ ያስፈልጋል። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር አያንስም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚሠራው በሚስበው አየር ልክ ነው፤ አየሩ በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱም በሩብ ገደማ ይቀንሳል። የመጀመሪያው 124 ኩፔ 1,438 ሲሲ ሞተር ወደ 90 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከነዚህ ፈረሶች ሃያ ሁለቱ ያህል ገና ሞተሩ ሳይደክም፣ አንድ ቡሎን ሳይላላ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። ባለቤቱ «መኪናዬ እንደ ድሮው አይስብም» ሲል ይህን ማስታወስ ደግ ነው። ድሮም ቢሆን የሳበው 68 ፈረስ ነበር፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ ባለቤቱ ወጣት መሆኑ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ በእርግጥ መሞቱን ማረጋገጥ ይመጣል። ብዙ ሞተር በነፍሱ ሳለ ተቀብሯልና። የመጀመሪያው ምልክት ጭስ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ ሞቆም የማያቆም፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ የራዲያተሩ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ይናገራል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሞተሩ ራስ በሆነው በቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ መቃጠሉ ነው። ጥቁር ጭስ ከነዳጅ መብዛት ይመጣል፤ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር ሽሮ ሜዳ ሲመጣ አየሩ ስስ መሆኑን የሚነግረው የለምና ነዳጁን እንደ ለመደው ያፈሳል። በጥቁር ጭስ ብቻ ሞተር አውርዱ የሚል ሰው ካለ ካርቡራተሩን ያላየ ነው። መፍላትም እንደዚሁ ያሳስታል። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሚፈላበትን ልክ ከፍ አድርጎ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ሲያልቅ ሞተሩ ዳገት ላይ እንደ ሽሮ ይንተከተካል፤ መድኃኒቱም አንድ ክዳን ነው።

የግፊት መለኪያ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ካንዴላው ወጥቶ መለኪያው ሲሰካ፣ ፈረንጆቹ በጻፉት መጽሐፍ 12 ባር መሆን የሚገባው ሲሊንደር ሽሮ ሜዳ ላይ 9 ገደማ ያሳያል። ባለቤቱ መጽሐፉን ይዞ ሊያለቅስ ይዳዳዋል፤ ሞተሩ ግን ደህና ነው፤ የጎደለው አየሩ ነው። ስለዚህ እዚህ ከፍታ ላይ የሚታየው የቁጥሩ ትልቅነት ሳይሆን የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው። ሦስቱ 9 ብለው አራተኛው 5 ካለ ችግር አለ። የት እንዳለ ለማወቅ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ያለቀው የፒስተኑ ሪንግ ነው፤ ንቅንቅ ካላለ ጥፋቱ ያለው በቫልቩ ወይም በጓርኒሲዮኑ በኩል ነው። ይህ ምርመራ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ቢሆንም ብዙ ሰው ከመለኪያ ይልቅ ጆሮ ይመርጣል፤ ምናልባት ጆሮ ተስፋ ስለሚሰጥ ይሆናል። ከላይ የሚሰማ ቀጭን ቲክ ቲክ የቫልቭ ነገር ነው፤ ይታለፋል። ዳገት ላይ ከሥር የሚመጣ ወፍራም ዱብ ዱብ ግን ክራንክ ሻፍቱ የሚያርፍባቸው ስስ ብረቶች እያለቁ መሆኑን ያሳያል። እሱን ችላ ያለ ሰው ጥቂት ቆይቶ «ሞተሩ ነከሰ» የሚለውን ቃል ይሰማል።

በዚህ ሁሉ መካከል የኮፈን ሸንጎ የሚባለውን መርሳት አይቻልም። የስፖርት መኪና ኮፈን ሽሮ ሜዳ ላይ ሲከፈት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ሰው ይሰበሰባል፤ ሚኒባስ የሚጠብቅ፣ ጥለት ሊገዛ የመጣ፣ ከእንጦጦ የሚወርድ፣ ሥራ ያልገባ። አንዱ «ነዳጅ ነው» ይላል። ሌላው «መብራት ነው» ይላል። ሦስተኛው አንገቱን ነቅንቆ ዝም ይላል፤ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ቀርበው «ይሄ መኪና የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ብረቱ ብረት ነው፤ እንዳትቀይረው ልጄ» ይላሉ። ወዲያው አንድ ጎረምሳ «ጋሼ፣ የኮሮላ ዲኤክስ ሞተር ይግባበትና ይገላገሉ» ይላል። የጥገናና የቅየራ ወገኖች የተፈጠሩት በዚህች ደቂቃ ነው። ባለቤቱ ወደ ጋራዥ የሚሄደው አንዱን ይዞ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን ያመሰገነለትን።

ጥገና ማለት እዚህ ሞተር ማውረድ ነው። ሞተሩ ከነ ካምቢዮው ይወጣል፣ ቴስታታው ይነሣል፣ ሲሊንደሮቹ ቶርኖ ቤት ሄደው ይቦረቦራሉ። ሲሊንደር በአገልግሎት ብዛት ሞላላ ስለሚሆን እንደገና ክብ እስኪሆን ይፋቃል፤ ከዚያ በመጠኑ የተለቀ ፒስተን ይገባበታል። ፊያት ለዚህ ሞተር በ0.2፣ በ0.4 እና በ0.6 ሚሊሜትር የተለቁ ፒስተኖች ሠርቷል። እያንዳንዱ እርከን ከአንድ ፈትል ውፍረት ብዙም አይበልጥም፤ ለአንድ ሞተር ግን አንድ ዕድሜ ነው። ሦስቱም እርከን ሲያልቅ ሲሊንደሩ ውስጥ አዲስ የብረት ልባስ ይገባል። ጣልያኖች ይህን ልባስ ካሚቻ፣ ማለትም ሸሚዝ ይሉታል። በሽሮ ሜዳ፣ የጋሞ ደጋ ሸማኔ ልጆች መወርወሪያ ከጠዋት እስከ ማታ በሚሰማበት ሰፈር፣ ለተራቆተ ነገር ልብስ የማልበስን ጥበብ ማስረዳት አያስፈልግም።

ፊያት ለሆነ መኪና አንድ ዕድል አለ፤ በአዲስ አበባ ጋራዥ የሚታከመው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጣልያን በ1928 ገብቶ በ1933 ሲወጣ ብዙ ነገር ይዞ ሄዷል፤ ካቻቢቴውን ግን ረስቶታል። ቶዮታና ኒሳን በአስተርጓሚ ሲታከሙ ፊያት ሕመሙን በቀጥታ ይናገራል። አንድ የማይገባው የአማርኛ ቃል ብቻ አለ፤ «ነገ»። የጋራዥ ነገ ከቀን መቁጠሪያው ነገ ጋር ዝምድና የለውም። ፒስተኑ ነገ ይመጣል፣ ቶርኖ ቤቱ ነገ ይጨርሳል፣ ነገ ተገጥሞ ነገ ይነሣል። መካኒኩ እየዋሸ አይደለም። «መቼ እንደሚሆን አላውቅም» ማለት ነውር ስለሆነ በጨዋ ቋንቋ መናገሩ ነው። ደንበኛው መጀመሪያ በሳምንት፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ ይመላለሳል፤ ቡና ይጠጣል፤ የመካኒኩን ልጆች ስም ይለምዳል፤ ሲቆይ ክርስትና ይጠራል።

የዕቃው ነገር ከዚህ ይከብዳል። የዚህ ሞተር ቫልቮች የሚታዘዙት በራሱ ላይ ባሉ ሁለት ካምሻፍቶች ነው፤ እነሱን የሚያዞረው ደግሞ ባለ ጥርስ የጎማ ቺንጋ ነው። በዘመኑ በብዛት ለተመረተ ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር እንዲህ ያለ ቺንጋ አዲስ ነገር ነበር። ቺንጋው መኪናው ባይነዳም ቆሞ ያረጃል፤ ሲበጠስም ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። ስለዚህ አሥር ዓመት ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ከመነሣቱ በፊት መጀመሪያ የሚቀየረው እሱ ነው። የት ይገኛል ቢባል መለዋወጫ በሚሸጥበት ሱማሌ ተራ የሌለ ነገር የለም ይባላል፤ የ124 ኩፔ ቺንጋ ግን ከዚያ አባባል ውጭ ነው። የሚመጣው ሚላኖ ወይም ቶሪኖ ባለ ዘመድ ሻንጣ ነው። በርበሬና ሽሮ ይሄዳል፣ ሪንግና ጓርኒሲዮን ይመጣል። ይህ ንግድ ጉምሩክ ከሚያስበው በላይ ዘመድን ከዘመድ አቀራርቧል።

ቅየራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አሮጌው ወጥቶ አዲስ እንደሚገባ ነው። እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ለዚህ መኪና አዲስ ሞተር የሚያመርት ፋብሪካ የለም፤ የሚገባው ሞተር ከተጋጨ፣ ከተፈታታ ወይም ባለቤቱ ከሰለቸው መኪና የወጣ ነው። ስለዚህ ምርጫው በአሮጌና በአዲስ መካከል ሳይሆን በራስ አሮጌና በሰው አሮጌ መካከል ነው። የራስ አሮጌ ኃጢአቱ ይታወቃል፤ የት እንደ ፈላ፣ መቼ ዘይት እንደ ጎደለበት፣ የትኛው መካኒክ የትኛውን ቡሎን አጥብቆ እንደ ሰበረው ባለቤቱ ያስታውሳል። የሰው አሮጌ ግን ታጥቦ፣ ብር ቀለም ተቀብቶ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሻጩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፤ «የጃፓን ነው፣ ብዙ አልሄደም»። ምን ያህል እንደ ሄደ የሚናገረው ቆጣሪ የቀረው ከመኪናው ጋር ነው።

ወደ ኩፔው ሊገቡ የሚችሉት በተግባር ሁለት ናቸው። አንዱ የላዳ ሞተር ነው። የሥጋ ዘመድ ስለሆነ ቦታው ብዙም አይጠበውም። ይሁን እንጂ ሶቪየቶች ከፊያት ሲቀበሉት ሞተሩን እንዳለ አልወሰዱትም፤ የላዳው አንድ ካምሻፍት አለው፣ የሚዞረውም በሰንሰለት ነው። የመጀመሪያው ላዳ 1,198 ሲሲ ሞተር ጉልበቱ ወደ 60 ፈረስ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ 45 ይሆናል። አይሞትም፣ አይሮጥምም። ሁለተኛው የቶዮታ ነው፤ የኮሮላ ዲኤክሱ 1,290 ሲሲ። ዕቃው በየሱቁ አለ፣ የማያውቀው መካኒክ የለም፣ ነዳጅ አያባክንም። ችግሩ ሞተሩ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ማቀፊያው በብየዳ ይሠራለታል፤ የራሱ ካምቢዮ ስለሚያስፈልገው ያም ይከተላል፤ ካርዳኑ ይቆረጣል፣ የፍሪሲዮኑ ገመድ ይለወጣል፣ የማርሽ ዱላው ከቀዳዳው አይገጥምም፣ የሙቀት መለኪያው ቋንቋውን አይረዳውም። ሞተር ሊገዛ የወጣ ሰው ግማሽ ኮሮላ ገዝቶ ይመለሳል። በመጨረሻ መኪናው ይነሣል፤ ሲነሣ ግን ድምፁ የጎረቤቱ ዲኤክስ ድምፅ ነው። ባለቤቱ ይህን ድምፅ የሚሰማው ብቻውን ሲሆን ነው፤ በሰው ፊት ሬዲዮ ይከፍታል።

ሽሮ ሜዳ ይህን ክርክር በሌላ ዕቃ ለረጅም ጊዜ ታውቀዋለች። ነጠላው ሲያልቅ ጥለቱ ገና ደህና ከሆነ ተፈትቶ ወደ አዲስ ነጠላ ይሰፋል፤ ጥለቱ ሲደበዝዝ ነጠላው ቢጠነክርም ልብሱ የቤት ልብስ ይሆናል። በኩፔው ላይ ጥለቱ የትኛው ነው? መልኩ ነው የሚሉ ሰዎች ከሥሩ የፈለገው ሞተር ቢገባ አይከፋቸውም፤ እሑድ እሑድ ታጥቦ በር ላይ ይቆምላቸዋል። ሞተሩ ነው የሚሉት ግን የላምፕሬዲን ሥራ አውጥቶ ዲኤክስ ማስገባት የጥበብ ቀሚስን ጥለት በላስቲክ ገመድ መተካት ነው ይላሉ። እንደ ነገሩ ከሆነ ሁለተኞቹ ይሻላሉ፤ ተራ ሞተር የፈለገ ሰው ተራ መኪና ቢገዛ የኋላ ወንበርም ያገኝ ነበር።

መንግሥትም በጉዳዩ አለበት። የመኪና መታወቂያ የሆነው ሊብሬ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ይይዛል። ተሽከርካሪ የሚለይበት፣ የሚመረመርበትና የሚመዘገብበት አዋጅ ቁጥር 681 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ሞተር ከተቀየረ የተጻፈው ቁጥርና ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ስለማይገናኙ ለውጡ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ለዚያም አዲሱ ሞተር ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። ብር ቀለም የተቀባው ሞተር ግን ብዙ ጊዜ ወላጅ አልባ ነው። ይህ ሁሉ የሚታወሰው ቦሎ ሊታደስ ዓመታዊ ምርመራ ሲደረስ ነው። የተጠገነ ሞተር በአንጻሩ ቁጥሩን እንደያዘ ይቆያል፤ ውስጡ በሙሉ ቢለወጥም በሊብሬው ፊት ያው የድሮው ነው።

በሌላ አገር ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጥገናው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ሲበልጥ መኪናው ይጣላል። በአዲስ አበባ ይህ ሕግ አይሠራም፤ መኪና እያረጀ ይወደዳልና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲወሰን በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፒስተኑ ዋጋ አብሮ ወጣ፤ መኪናውም እንዲሁ። ስለዚህ ባለቤቱ ለጥገና ያወጣው ገንዘብ አሳዛኝ ቢመስልም ከዕቁብ የወጣ ብር ባንክ ውስጥ ቢቀመጥ ከሚደርስበት አይብስም። ይህን መከራከሪያ ለቤተሰብ ማቅረብ ይቻላል፤ ተቀባይነት ማግኘቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ውሳኔው ከዚህ በኋላ ይጠራል። የሞተሩ አካል ካልተሰነጠቀ፣ ክራንክ ሻፍቱ እንደገና ሊፋቅ የሚችል ከሆነ፣ ቴስታታው ተልጎ ቀጥ የሚል ከሆነ ጥገና ይሻላል፤ ቢዘገይም ቢወደድም። አካሉ ከተሰነጠቀ ወይም የፒስተኑ ዘንግ ተሰብሮ ጎኑን ቀዶ መስኮት ከከፈተ ቅየራ ግድ ይሆናል፤ ያን ጊዜም የወጣው ሞተር አይሸጥም፣ ቀን የሚያወጣለት ብየዳ እስኪገኝ ይቀመጣል። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ብዙ ሰው የሚመርጠው እሱን ነው። መኪናው በግቢው ጥግ በሸራ ይሸፈናል፣ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ይገባል፣ «ዕቃ እየጠበቅኩ ነው» ይባላል። ሸራው ላይ በርበሬ ይሰጣል፤ ከሥሩ ዶሮ ትታቀፋለች። በዚህ ሁኔታ አሥራ አምስት ዓመት የኖሩ መኪኖች ባለቤቶች ስለ መኪናቸው ሲናገሩ «ነበረኝ» አይሉም፣ «አለኝ» ነው የሚሉት።

የተጠገነው ሞተር በመጨረሻ ሲነሣ ሮዳጅ ይገባል። የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በቀስታ ይነዳል፣ ቶሎ ዘይቱ ይለወጣል፣ የቴስታታው ቡሎኖች በልካቸው እንደገና ይጠብቃሉ። ሌላውን ለመቅደም የተሠራው መኪና በነዚህ ሳምንታት በሚኒባስ፣ በአህያና ቆመው ዋጋ በሚከራከሩ ሙሽሮች ይቀደማል። ሮዳጁ ሲያልቅ ፈተናው የታወቀ ነው፤ በማለዳ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው የእንጦጦ ጫፍ መውጣት። የሙቀት መለኪያው ከመሐል ካላለፈ፣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ካልወጣ፣ ከሥር ምንም ካላንኳኳ ሥራው ተሳክቷል። ቀጥሎ መውረድ አለ። ፊያት 124 በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ይዞ የወጣ መኪና ነው፤ የፍሬን ዘይቱን የሚያደርሱት የጎማ ቧንቧዎች ግን ሞተሩ ሲወርድ ማንም ያላያቸው፣ ከመኪናው ጋር የተወለዱ ናቸው። ቁልቁለቱ መሐል ላይ የተቃጠለ ነገር መሽተት ይጀምራል፤ መኪናው ሽሮ ሜዳ ደርሶ ሲቆም ከተሰቀሉት ቀሚሶች ሥር ያው ሸንጎ ብቅ ይላል።